ቺንጋው ምን አጠፋ?

ካምፓላን ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ይጎበኛታል፤ አንደኛው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት፣ ሁለተኛው ደግሞ ከመስከረም እስከ ኅዳር። በእነዚህ ወራት ገና ጎሕ ሳይቀድ በጋባ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ከቦዳ ቦዳዎቹ ሞተር ጋር የሚደባለቅ አንድ ሌላ ድምፅ ይሰማል። ቢላዋ ድንጋይ ላይ ሲሳል የሚያወጣውን የመሰለ ቀጭን ጩኸት ከመኪኖች ኮፈን ሥር ይነሣል፤ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ጆሮ ይበጥስና ሞተሩ ሲሞቅ፣ ጤዛውም ሲደርቅ ዝም ይላል። ሹፌሩም ዝም ይላል። በማግሥቱ ማለዳ ያው ጩኸት ይደገማል።

ይህን ድምፅ የሰማ ሁሉ ፍርዱን ለመስጠት ጊዜ አይፈጅበትም። «ቺንጋ ነው!» ይላል ጎረቤት። «ቺንጋ ነው!» ይላል መኪና አጣቢው። ቺንጋው ይገዛል፤ ይታሰራል፤ ጩኸቱ ለጥቂት ሳምንታት ይጠፋል፤ ከዚያም ተመልሶ ይመጣል። ባለመኪናው የገዛው ቺንጋ እርባና ቢስ እንደ ነበር ይደመድምና ሌላ ይገዛል። በዚህ ሁሉ መካከል ግን አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ ይቀራል፤ ለመሆኑ ቺንጋው ምን አጠፋ?

ጥያቄውን ለመመለስ የቺንጋን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። ሞተር ከነዳጅ የሚያገኘውን ጉልበት ሁሉ ለጎማዎቹ አይሰጥም። ከክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ ያለው ፑሊ ሲዞር፣ በዙሪያው የተጠመጠመው ቺንጋ ከዚያ ጉልበት ጥቂቱን እየወሰደ ባትሪ የሚሞላውን ዲናሞ፣ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን የውኃ ፓምፕ፣ እንዲሁም ጋቢናውን የሚያበርደውን ኮምፕሬሰር ያዞራል። ይህ ሞተሩ ውስጥ ተሸፍኖ ቫልቮችን በጊዜያቸው ከሚያስከፍተው ባለጥርሱ ቺንጋ የተለየ ነው፤ ያኛው ሌላ ነው፣ መወጠሪያውም ሌላ ነው። እዚህ የምንነጋገረው ኮፈን ሲከፈት ፊት ለፊት ስለሚታየው ቺንጋ ነው።

ቀደም ባለው ዘመን ለእነዚህ ዕቃዎች የየራሳቸው ቺንጋ ነበራቸው። ጎኖቹ ወደ ውስጥ የሾጠጡት የጎማ ቺንጋ የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው፤ ሠሪው ዴንቨር በተባለችው የአሜሪካ ከተማ ይኖር የነበረው ጆን ጌትስ ነው። ይህ ቺንጋ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ዓለምን ሲያገለግል ኖሯል፤ አያያዙም ቀላል ነበር። በጥንቶቹ የናፍጣ ሂሉክሶች ላይ መካኒኩ የዲናሞውን ቡሎን ላላ ያደርግና ዲናሞውን በብረት ዘንግ ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ቺንጋውን በሁለቱ ፑሊዎች መካከል በአውራ ጣቱ ይጫናል፤ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ከሰገደለት ቡሎኑን መልሶ ያጠብቃል። መወጠሪያው የሰው አውራ ጣት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ1979 ፎርድ ሙስታንግ ላይ አንድ ረጅምና ጠፍጣፋ፣ ውስጡ በቀጫጭን ቦዮች የተተለተለ ቺንጋ ሁሉንም ዕቃዎች እየዞረ እንዲያሽከረክር ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ይህ አሠራር በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ ተለመደ። ጥቅሙ ብዙ ነው፤ ቦታ ይቆጥባል፣ የሚለወጠውም አንድ ቺንጋ ብቻ ነው። ይሁንና አንድ ቺንጋ አራትና አምስት ፑሊ ሲዞር፣ ሲሞቅ ሲሳብ፣ ሲቀዘቅዝ ሲኮማተር፣ ኮምፕሬሰሩ በድንገት ሲበራ ሲናወጥ፣ ልኩን የሚጠብቅለት አንድ ነገር የግድ ያስፈልገዋል። አውራ ጣት ሃያ አራት ሰዓት ኮፈን ሥር ሊቀመጥ አይችልም። ስለዚህ መሐንዲሶች በአውራ ጣቱ ምትክ ሞላ አስቀመጡ።

መወጠሪያው፣ ጋራዥ ውስጥ «ቴንሽነር» የሚባለው፣ እንግዲህ ይህ ነው። ሞተሩ አካል ላይ በቡሎን የሚታሰር መሠረት አለው፤ በመሠረቱ ውስጥ የተጠመዘዘ ጠንካራ ሞላ ተቀምጧል፤ ከሞላው ጋር የተያያዘ ክንድ አለ፤ በክንዱ ጫፍ ላይ በኩሽኔታ የሚዞር ለስላሳ ፑሊ አለ። በውስጡ ደግሞ ክንዱ እንደ ልቡ እንዳይንቀጠቀጥ በሰበቃ የሚያረጋጋው ክፍል ተጨምሮበታል። ሞላው ክንዱን ይገፋል፤ ክንዱ ፑሊውን ቺንጋው ላይ ያስደግፋል፤ ቺንጋው ሳይላላና ሳይጠብቅ በልኩ ይሄዳል። ክራር የሚቃኝ ሰው ይህን ነገር ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም። ክሩ ከላላ ድምፁ ይሞታል፤ ከልክ በላይ ከተወጠረ ይበጠሳል። መወጠሪያ ማለት ያለማቋረጥ የሚቃኝ እጅ ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ሥራ የሚሠራ ዕቃ ስለምን ይዘነጋል? መልሱ ከብረቱ ይልቅ ከስሙ ጋር የተያያዘ ሳይሆን አይቀርም።

የኢትዮጵያ ጋራዥ የሚናገረው አማርኛ ከጣልያንኛ ጋር የተጋባ ነው። ከጣልያን ጋር በመጡት የጭነት መኪኖችና በቶርኖ ቤቶቹ አማካይነት ቺንጋ፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ኮፈን፣ ጋቢና እና ሌሎችም ቃላት በአፋችን ገብተው የእኛ ሆነዋል። ወገብ ላይ የሚታሰረውን «ቀበቶ» የሚል ሰው ሞተር ላይ ያለውን በዚያው ስም ጠርቶት አያውቅም፤ ቺንጋ ነው የሚለው። ዛሬ እነዚህን ቃላት የሚናገር የአዲስ አበባ ልጅ ከየት እንደ መጡ አያስታውስም፤ ማስታወስም አያስፈልገውም። ነገር ግን በሞላ የሚሠራው መወጠሪያ የመጣው ጣልያኖቹ ከሄዱ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ሲመጣ የጣልያንኛ ስም ይዞ አልመጣም፤ የአማርኛ ስም ሊያወጣለት የተነሣም አልነበረም። ወጣቶቹ «ቴንሽነር» ይሉታል፤ ሌሎች «የቺንጋው ፑሊ» ይሉታል፤ ብዙዎች ምንም አይሉትም። ስም የሌለው ዕቃ ደግሞ አይጠረጠርም። የማይጠረጠር ዕቃም አይመረመርም።

ካንሳንጋ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ባለፒክአፕ በዚህ ምክንያት በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ቺንጋ ገዝቷል። መኪናው ደብል ጋቢና የናፍጣ ሂሉክስ ነው፤ ሥራው ካባላጋላ ላሉት ምግብ ቤቶች እህል፣ ሽንኩርትና ከሰል ማመላለስ፣ አልፎ አልፎም ዕቃ የሚያዛውር ቤተሰብ ሲገኝ ጭነት መጫን ነው። የሦስት ልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚወጣው ከዚህች መኪና ነው። የኡጋንዳ ትምህርት ቤቶች በዓመት ሦስት ጊዜ ያስከፍላሉ፤ ሦስተኛው ክፍያ በመስከረም፣ ዝናቡ በሚጀምርበት ወቅት ይመጣል። ጩኸቱ የተመለሰውም በዚያው ሰሞን ነበር። ከጩኸቱ ሌላ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ የባትሪው መብራት ክሩስኮቱ ላይ ብልጭ ድርግም ማለት ጀምሯል።

ጋራዡ ከመንደሩ ብዙ የማይርቅ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ዘይት የጠጣ አፈር ነው። ባለቤቱ ፀጉራቸው የሸበተ ኡጋንዳዊ መካኒክ ናቸው፤ አብሯቸው የሚሠራው ወጣት ደግሞ ሙያውን አዲስ አበባ የጀመረ ኢትዮጵያዊ ነው። በአንዲት መኪና ኮፈን ላይ ሦስት ቋንቋ ይነገራል። አዛውንቱ ቺንጋውን በሉጋንዳ «ኦሙሲፒ» ይሉታል፤ ቃሉ ወገብ ላይ ለሚታሰረውም የሚያገለግል ነው። ወጣቱ «ቺንጋ» ይላል። የቀረውን ሁለቱም በእንግሊዝኛ ይሞሉታል።

«ጋሼ፣ ይሄ ዘንድሮ ስንተኛዎ ነው?» ሲል ጠየቀ ወጣቱ አሮጌውን ቺንጋ እየተመለከተ።

«ሦስተኛዬ ነው። አራተኛውን ግዛልኝና እሰርልኝ፤ በዚህ ሰሞን ከዚያ የሚያልፍ ገንዘብ የለኝም።»

«እንግዲያው ቺንጋው ምን አጠፋ?»

አዛውንቱ የተባለው ሳይተረጎምላቸው የገባቸው ይመስል ሞተሩ እንዲነሣ በእጃቸው አመለከቱ። ከዚያ አንድ ጠርሙስ ውኃ አምጥተው በሚዞረው ቺንጋ የውስጥ ገጽ ላይ በጥቂቱ ረጩ። ጩኸቱ ባሰበት። ይህ በየትኛውም አገር ያለ መካኒክ ያለ ምንም መሣሪያ ሊያደርገው የሚችል ምርመራ ነው። ውኃው ሲነካው ጩኸቱ ለጥቂት ጊዜ ጠፍቶ ከተመለሰ ፑሊዎቹ መስመር ስተዋል ማለት ነው፤ ውኃው ሲነካው ጩኸቱ ከጨመረ ግን ውጥረቱ ጎድሎ ቺንጋው እየተንሸራተተ ነው። ቀጥለው የመወጠሪያውን ክንድ አሳዩ። ጤናማ ክንድ ሞተሩ ሲሠራ በጥቂቱ ቢነቃነቅ እንጂ ዓይን በሚስብ ሁኔታ አይዘልም። ይህ ግን እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል።

ሞተሩ ጠፋ። ወጣቱ ረጅም ቁልፍ ክንዱ ላይ ሰክቶ ቀስ ብሎ ጫነው። ጤናማ መወጠሪያ በዚህ ጊዜ በኃይል ይቃወማል፤ እንቅስቃሴውም ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው። ይሄኛው መጀመሪያ ላይ እንደ ላላ በር ያለ ጉልበት ተከፈተ፤ ከመካከሉ ላይ ነክሶ ቆመ፤ ከዚያ እየተንገራገጨ አለፈ። ቺንጋው ወልቆ ፑሊው በጣት ሲዞር ደግሞ አሸዋ የገባበት ይመስል ኩሽኔታው አጉረመረመ። ክንዱም ወደ ጎን ሲገፉት ይወዛወዛል፤ ፑሊው ቀጥ ብሎ ስለማይቆም የቺንጋውን አንድ ጎን እየበላ ቆይቷል። ሦስቱ ቺንጋዎች ያለቁት በዚህ ነበር። ቺንጋዎቹ ምስክሮች ነበሩ፤ በምስክርነታቸው ተፈረደባቸው።

ባለመኪናው ወዲያው እጁን አልሰጠም። ገንዘብ ያጠረው ሰው ብልሃት አያጥረውምና ሦስት ሐሳብ በተራ አቀረበ፤ ሦስቱም በከተማዋ ሲደረጉ የሚታዩ ናቸው።

የመጀመሪያው ጥቂት አጠር ያለ ቺንጋ መግዛት ነበር። ሞላው ቢደክምም አጭሩ ቺንጋ ራሱን በራሱ ይወጥር ይሆናል የሚል ነው። አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። አጭር ቺንጋ ክንዱን ከዳር ያደርሰዋል፤ ከዳር የደረሰ ክንድ ደግሞ መወጠሪያነቱ ቀርቶ ግንድ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሸክም ሁሉ የሚያርፈው በዲናሞውና በውኃ ፓምፑ ኩሽኔታ ላይ ነው። የአንድ ዕቃ ዋጋ ለማዳን የሁለት ዕቃ ዕዳ መግባት ይሆናል።

ሁለተኛው ካትዌ መሄድ ነበር። ካትዌ በብረት ሠሪዎቿና በቶርኖ ቤቶቿ የታወቀች የካምፓላ ሠፈር ናት፤ በዚያ ያሉ እጆች ከቁርጥራጭ ብረት የማያወጡት ነገር ጥቂት ነው። ክንዱ የሚዞርበትን ያለቀ ቀለበት አስጠርቦ መተካት አይቻልም ወይ? ይቻላል፤ አዛውንቱም አልካዱም። «ካትዌ ቀለበቱን ትሠራልዎታለች፤ ደክሞ ያለፈውን ሞላ ግን ማን ያሳርፍልዎታል?» ሲል ተረጎመለት ወጣቱ። ደግሞም መወጠሪያውን ለመፈታታት መሞከር ራሱ አደጋ ነው። በውስጡ የታመቀው ሞላ ሲያመልጥ የሰው ጣትና ዓይን አይምርም።

ሦስተኛው ሐሳብ ፑሊውን ብቻ መለወጥ ነበር። ይህ ከሁሉም የሚያዘናጋው ነው፤ ምክንያቱም ግማሽ እውነት አለበት። ኩሽኔታው አርጅቷል፤ ፑሊው ቢለወጥ ማጉረምረሙ ይቀራል። የስሙ ነገር ጉዳት የሚያደርሰውም እዚህ ላይ ነው። «የቺንጋውን ፑሊ ስጠኝ» ብሎ የሚገዛ ሰው የጠየቀውን ይሰጡታል፤ ፑሊውን ብቻ። ድምፁ ይጠፋል፤ ሞላው ግን እንደ ደከመ ይቀራል፤ የሚያስጠነቅቅ ጩኸት እንኳን ሳይኖር ቺንጋው መንሸራተቱን ይቀጥላል።

«ቢበጠስስ? ቆሜ ሌላ አስራለሁ» አለ ባለመኪናው በመጨረሻ። ይህ የብዙ ሰው ሐሳብ ነው፤ ስለዚህም አዛውንቱ የሰጡት መልስ በዝርዝር ሊነገር ይገባዋል። ቺንጋው ሲበጠስ ዲናሞው ይቆማል፤ መኪናው ባትሪው ውስጥ ባለው ላይ ብቻ ይሄዳል። የውኃ ፓምፑ በዚሁ ቺንጋ የሚዞር ከሆነ የሙቀቱ መርፌ ሽቅብ ይወጣል፤ ሹፌሩ ቶሎ ካላጠፋው ቴስታታው ይጣመማል፤ የአንድ ቺንጋ ነገር የሞተር ጥገና ይሆናል። ሦስተኛውን ግን ብዙ ሹፌሮች አያውቁትም። በብዙ የናፍጣ መኪኖች ላይ ለፍሬኑ እገዛ የሚሰጠውን ቫኪዩም የሚስበው ትንሽ ፓምፕ የተገጠመው ከዲናሞው ጀርባ ነው፤ አብሮትም ይዞራል። ቺንጋው ከሌለ እሱም የለም። ፍሬኑ ፈጽሞ አይጠፋም፤ ነገር ግን የቀረው ቫኪዩም በጥቂት ርግጫ ካለቀ በኋላ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፤ መኪናውን ለማቆም ሹፌሩ ባለው ጉልበት ሁሉ መቆም አለበት።

ይህ በሜዳ ላይ ቢሆን ይቻላል። ካምፓላ ግን የኮረብታዎች ከተማ ናት። ከሙዬንጋ አናት ታንክ ሂል በሚባለው መንገድ ወደ ካባላጋላ ሲወርዱ፣ ከታች የሚጠብቀው የቦዳ ቦዳ መንጋ፣ የታክሲ ሰልፍና ትምህርት ቤት የሚሄድ ሕፃን ነው። ከኋላ ደግሞ አንድ ቶን የሚጠጋ ከሰልና ሽንኩርት ይገፋል። አዛውንቱ ወደ ኮረብታው በእጃቸው አመልክተው «ሴቦ» አሉት፤ በሉጋንዳ «ጌታው» እንደ ማለት ነው፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ባለመኪናው በዚያ መንገድ በሳምንት ምን ያህል ጊዜ እንደሚወርድ በልቡ ሳይቆጥር አልቀረም። ለትምህርት ቤቱ የሚሆነውን ገንዘብ በሁለት ጊዜ ለመክፈል እንደሚለምን ተናግሮ ዕቃውን ለመግዛት ተስማማ። ይህን ማለት ለአባት ቀላል አይደለም፤ ከተማውን ለቆ ለሚኖር ስደተኛ ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል።

የካምፓላ መለዋወጫ ገበያ ማዕከል ኪሴካ ነው። ናኪቩቦ አጠገብ ያለው ይህ ገበያ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1991 የኡጋንዳ ጠቅላይ ሚኒስትር ከነበሩት ከሳምሶን ኪሴካ ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ኪሴካ ሲገባ ሶማሌ ተራን ያስታውሳል፤ ያው የተደረደረ የበር መስተዋት፣ ያው የተሰቀለ ራዲያተር፣ ያው «የምን መኪና ነው?» የሚል ጥሪ። ልዩነቱ መሪው በቀኝ መሆኑ ነው። ኡጋንዳ በግራ በኩል የምትነዳ አገር በመሆኗ ያገለገሉ የጃፓን መኪኖችና ከነርሱ የተፈቱ ዕቃዎች በብዛት ይመጡላታል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሕግ ከተሠሩ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ቀድሞ የገባ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ግን ያችኑ እያደሰ መኖሩ አልቀረም፤ ኪሴካም የሚኖረው በዚህ ነው።

በባንኮኒው ላይ ሦስት ዓይነት መወጠሪያ ይቀርባል። አንደኛው አዲስና ከፋብሪካው የመጣ ነው፤ ውድ ነው። ሁለተኛው አዲስ ነው፤ ሣጥኑም ያምራል፤ ነገር ግን ማን እንደ ሠራው ከሣጥኑ በቀር የሚመሰክር የለም። ሦስተኛው ጃፓን ውስጥ ካገለገለ መኪና የተፈታ ኦሪጅናል ነው። በዚህ ገበያ የቆየ ጥበብ «ከማይታወቅ አዲስ የታወቀ አሮጌ ይሻላል» የሚል ነው፤ ለብዙ ዕቃ እውነትም ነው። የበር እጀታ፣ የማርሽ ሣጥን፣ የኮፈን ቆርቆሮ ከጃፓን በመጣው አሮጌ ቢተካ ባለመኪናው አይጎዳም። መወጠሪያ ግን ከዚህ ሕግ ውጭ ነው። የሚገዛው ብረቱ አይደለም፤ ሞላው ውስጥ የቀረው ጉልበትና ኩሽኔታው ውስጥ የቀረው ግራሶ ነው። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ በዕድሜ የሚያልቁ እንጂ በዓይን የሚታዩ አይደሉም። ያገለገለ መወጠሪያ መግዛት ግማሹ የነደደ ሻማ በሙሉ ሻማ ዋጋ ሂሳብ እንደ መግዛት ነው፤ ምን ያህሉ እንደ ነደደ የሚያውቅም የለም።

ስለዚህ ወጣቱ አሮጌውን ዕቃ በፌስታል ይዞ ነበር የሄደው። ብልህ ገዢ እንዲህ ያደርጋል። በአሮጌው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ከአዲሱ ጋር አስተያየ፤ የቡሎኖቹን ቀዳዳዎች ገጥሞ አየ፤ ሁለቱን በሁለት እጁ መዘነ፤ የአዲሱን ፑሊ በጣቱ አዞረው። አዲስ ኩሽኔታ በግራሶ የተሞላ ስለሆነ በጣት ሲመቱት ብዙ ሳይሽከረከር በጸጥታ ይቆማል፤ እንደ አሻንጉሊት ለረጅም ጊዜ የሚሽከረከርና የሚያፏጭ ፑሊ ግራሶው ያለቀበት ነው። ወጣቱ ውዱን ገዛ። ከርሱም ጋር አዲስ ቺንጋ ጨመረ፤ የተበላ ቺንጋ በአዲስ መወጠሪያ ላይ ማሰር ልፋትን ማባከን ነውና።

የመግጠሙ ሥራ ከአንድ ሰዓት ብዙም አልዘለለም። መጀመሪያ የባትሪው ነጌቲቭ ገመድ ተፈታ። ቺንጋው ከመውለቁ በፊት በየትኛው ፑሊ ላይ በየት በኩል እንደሚያልፍ በኖራ ወለሉ ላይ ተሳለ፤ አንድ ፑሊ ተሳስቶ የታሰረ ቺንጋ የውኃ ፓምፑን ወደ ኋላ ሊያዞር ይችላል። አሮጌው መወጠሪያ ተፈትቶ ሲወጣ አዛውንቱ ቸኩለው አዲሱን አላስገቡም። ቺንጋው በሌለበት የዲናሞውንም የውኃ ፓምፑንም ፑሊ በእጃቸው እያዞሩ፣ እየነቀነቁ፣ የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ በማስደገፍ በሌላው ጫፍ እንደ ሐኪም እያዳመጡ መረመሩ። አንዱ በሽተኛ ስለ ተገኘ ሌሎቹ ጤነኞች ናቸው ማለት አይደለም። ሁለቱም ደህና ነበሩ።

የሚታሰርበት ቦታ ከዘይትና ከጭቃ ጸዳ፤ ከሥሩ አንዲት ጠጠር ብትቀር ክንዱን ታጣምመዋለችና። ቡሎኖቹ በመጀመሪያ በእጅ፣ ቀጥሎ ልኩ በሚነበብበት ቁልፍ ጠበቁ። ክንዱ በረጅሙ ቁልፍ ተገፍቶ ቺንጋው በሥዕሉ መሠረት ገባ፤ ከዚያ ክንዱ ቀስ ተብሎ ተለቀቀ። በድንገት መልቀቅ አዲሱን ሞላ በመጀመሪያው ቀን መምታት ነው። ወጣቱ የእያንዳንዱን ፑሊ ጠርዝ በጣቱ እየዳሰሰ የቺንጋው ቦዮች በፑሊው ቦዮች ውስጥ መቀመጣቸውን አረጋገጠ፤ አንድ ቦይ ያፈነገጠ ቺንጋ ብዙ ሳይቆይ ይተረተራልና። ክራንክሻፍቱ በእጅ ሁለት ዙር ዞረ። ባትሪው ተመልሶ ታሰረ። ሞተሩ ሲነሣ ክንዱ በቦታው ረግቶ ነበር፤ ውኃም ቢረጭ የሚጮህ ነገር አልተገኘም። አዛውንቱ ከሳምንት በኋላ ተመልሶ እንዲያሳያቸው ነግረው እጃቸውን በናፍጣ ታጠቡ።

ከዚህ ታሪክ ለሌላው ባለመኪና የሚተርፍ ነገር አለ። የዱሮ ቺንጋ ሲያረጅ ይሰነጣጠቅ ነበር፤ ስንጥቁን አይቶ የሚለውጥ ሰው አይሳሳትም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግን አምራቾች ሙቀትን ይበልጥ በሚችል ሌላ ዓይነት ጎማ መሥራት ጀመሩ። ይህ ጎማ ሳይሰነጠቅ ቦዮቹ እየሰፉ፣ እንደ ጫማ ሶል በዝግታ እየተበላ ያልቃል። አዲስ የሚመስል ቺንጋ ያለቀ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። መወጠሪያውም እንዲሁ ነው፤ ከዓይን ተሰውሮ ይደክማል። የቺንጋ አምራቾች መወጠሪያው መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ እንዲመረመር የሚመክሩት በዚህ ምክንያት ነው። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ቆጣሪው ላይ የሚያነበው ቁጥር እውነተኛ ለመሆኑ ዋስትና የለውም፤ ስለዚህ መኪናውን በገዛበት ሳምንት ኮፈኑን አስከፍቶ ክንዱን ቢያሳይ ይበጀዋል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ዕቃው ስም ይውጣለት። አማርኛ ለዚህ የሚሆን ቃል አላጣም። ከበሮ ሲጠፈር፣ ክራር ሲቃኝ፣ ድንኳን ሲተከል «መወጠር» የሚለውን ግስ ከጥንት ጀምሮ እንጠቀምበታለን። «መወጠሪያ» ብሎ የሚጠራው ሰው ሥራውን ያውቀዋል፤ ሥራውን ያወቀ ሰው መቼ እንደ ሰነፈ ይጠይቃል። ኪሴካም ይሁን ሶማሌ ተራ፣ ባንኮኒው ፊት የቆመ ሰው «ፑሊ» ማለቱን ትቶ «ሙሉውን መወጠሪያ፣ ከነሞላው፣ ከነክንዱ» ቢል፣ ሻጩ ምን እንደሚሰጠው ያውቃል፤ እሱም ምን እንደ ገዛ ያውቃል። ያን ጊዜ ቺንጋው ያላጠፋውን ጥፋት መሸከሙ ይቀርለታል።